«ብንተባበር እንቆማለን፣ ብንከፋፈል እንወድቃለን»፦ ከማን አፍ ወጣ?

ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕድር ላይ ይባላል። የማኅበር ስብሰባ ላይ ይባላል። ሠርግ ላይ ሳይቀር ሽማግሌ ተነስተው ሲሉት ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ «አባቶች እንዳሉት» ተብሎ ነው የሚጀመረው። የእኛ አባቶች ያሉት ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው። ያኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዛሬ ስለ እሱና እሱን ስላስፋፋው አሜሪካዊ፣ ስለ ጆን ዲክንሰን፣ ልጽፍ ፈለግኩ፣ ምክንያቱም የሰውየው ሕይወት ራሱ የአባባሉ ፍቺ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ድር ጥቂት ልበል። ልጅ ሳለሁ አያቴ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አሽከርክራ ስትለቃት ከባዘቶው ክር ይመዘዛል። እኔ ያንን ክር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ አደርገዋለሁ። ብጥስ! ትቆጣኛለች። ያው ክር ሸማኔ ቤት ሄዶ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ጎን ለጎን ሲወጠር ግን በሙሉ እጄ ብጎትተውም ንቅንቅ አይልም። ድር ማለት ይሄ ነው፤ በሸማው ቁመት የሚወጠረው። አግድም የሚገባው ማግ ነው። የሸረሪት ቤትም ድር ይባላል፤ ምሳሌውን ሲሰማ ሸረሪት የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ግን ሁሌም የሚታየኝ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ የተቀመጠው ሸማኔ ነው።

የፈረንጆቹም ሐሳብ ወደ ኋላ ሲቆፈር አንበሳ ጋ ይደርሳል። ከኤዞፕ ተረቶች አንዱ ውስጥ አራት በሬዎች ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ ቀንዳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይቆማሉ። አንበሳው በየት በኩል ይግባ? የተጣሉ ቀን ግን አንድ በአንድ በላቸው። እኛ ዘንድ ድሩ አንበሳውን ያስረዋል፤ እነሱ ዘንድ አንበሳው መጣላታቸውን ይጠብቃል። ነገሩ አንድ ነው።

ዛሬ በምናውቀው መልኩ አባባሉን ያስፋፋው ይኸው ጆን ዲክንሰን ነው። (ዓመታቱንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሐምሌ ያልኩት ጁላይ፣ ነሐሴ ያልኩት ኦገስት ነው።) አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ በ1732 ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ደላዌር፣ ዶቨር አጠገብ፣ አባቱ በሠራው ፖፕላር ሆል በተባለ ቤት ነው። አባቱ ሰፊ መሬት ያለው ባለርስትና ዳኛ ነበር። ልጁ ለንደን ሄዶ ሚድል ቴምፕል በተባለው የጠበቆች ማኅበር ሕግ ተማረ። ተመልሶ ፊላደልፊያ ውስጥ ጠበቃ ሆነ፣ ከዚያም ወደ ፖለቲካው ገባ።

በ1767 የእንግሊዝ ፓርላማ ቅኝ ግዛቶቹ በሚያስገቡት መስታወት፣ እርሳስ፣ ቀለም፣ ወረቀትና ሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። ዲክንሰን ብዕሩን አነሳ። «እኔ አንድ ገበሬ ነኝ» ብሎ ጀምሮ 12 ደብዳቤዎች በጋዜጣ አወጣ። ትንሽ እርሻና ጥቂት አገልጋዮች እንዳሉት ገበሬ ሆኖ ነው የጻፈው እንጂ ሀብታም ጠበቃ ነበር። ክርክሩ ግልጽ ነው፦ ወኪል ያልላክንበት ምክር ቤት ገቢ ለመሰብሰብ ብሎ ከኪሳችን ሊወስድ አይችልም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የዘጋው ስምምነት ትናንሹን ነገር ያሳድጋል በሚል የላቲን አባባል ነው። አንድነት ያኔውኑ በልቡ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን የቅኝ ግዛቶቹ ጋዜጦች አብዛኞቹ ተቀባብለው አተሟቸው።

ግን ደብዳቤ የሚያነበው ማንበብ የሚችል ነው። ዘፈን ግን ሁሉም ይዘፍናል። ሐምሌ 4 ቀን 1768 ዲክንሰን ለማሳቹሴትሱ ጠበቃ ለጄምስ ኦቲስ አንድ ግጥም ላከለት። «ግጥም መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ነገር ግን ተራ ዘፈን እንኳ አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ጉልበት አለው» አለው። ከግጥሙ ውስጥ ስምንት ስንኝ የገጠመለት ወዳጁ የቨርጂንያው አርተር ሊ ነበር። ዜማው ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሚኮራበት ዘፈን ዜማ ነው። በእንግሊዝ ዜማ እንግሊዝን መሞገት! ከስንኞቹ አንዱ በእኔ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «እንግዲህ እጅ ለእጅ እንያያዝ፣ ጀግኖች አሜሪካውያን ሁሉ፤ ብንተባበር እንቆማለን፣ ብንከፋፈል እንወድቃለን።»

በዓመቱ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1769፣ ቦስተን አጠገብ ዶርቼስተር ላይ 350 ያህል ሰዎች ግብዣ ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑ ተነሳ፤ ሁሉም ተቀበለ። ኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ እዚያው ነበር። ይህ የነፃነትን ስሜት መኮትኮት ነው ብሎ በማስታወሻው ጻፈ። ከዚያ በኋላ አባባሉ በራሱ እግር ሄደ። ኬንታኪ በ1792 የግዛቷ መሪ ቃል አደረገችው። ዛሬም ባንዲራዋ ላይ፣ ሰላምታ ከሚለዋወጡት ሁለት ሰዎች ዙሪያ ተጽፎ አለ። በንግግሩ የታወቀው የቨርጂንያው ፖለቲከኛ ፓትሪክ ሄንሪም በ1799 በመጨረሻ ንግግሩ፣ በቡድን አንከፋፈል ብሎ ሲለምን ይህንኑ ጠቅሷል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ኅሊናዬ አያርፍም። የዚያው ዘፈን አዝማች እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ነፃ ሰው ገንዘባችንን እንሰጣለን ይላል። ይህ ሲዘፈን ዲክንሰን ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። የደላዌር መሬቱን የሚያርሱለት እነሱ ነበሩ። ዘፈኑ ውስጥ ካሉት «ሁሉ» ውስጥ እነሱ አልተቆጠሩም። በ1777 ከተወሰነ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነፃ እንዲወጡ የሚል ሰነድ ፈረመ። በ1786 ቅድመ ሁኔታውን አንስቶ ነፃ ለቀቃቸው። ከእኩዮቹ ብዙዎቹ ይህንን እንኳ አላደረጉም። ግን 1768 እና 1786 መካከል 18 ዓመት አለ። ሰው በባርነት የሚቆይበት 18 ዓመት ረጅም ነው።

አሁን ወደ አባባሉ ፍቺ ልምጣ። ብዙዎቻችን «እንተባበር» ሲባል የምንሰማው «እንደ እኔ አስብ» የሚለውን ነው። ስብሰባ ላይ የተለየ ሐሳብ ያነሳ ሰው «ከፋፋይ» ሲባል ስንቴ አይተናል! የዲክንሰን ታሪክ ሌላ ነው የሚለው።

በ1775 እሱ ከንጉሡ ጋር ለመታረቅ አንድ የመጨረሻ አቤቱታ ይላክ አለ። አዳምስ በዚህ ተናዶ በግል ደብዳቤው አንቋሸሸው። ደብዳቤው በእንግሊዞች እጅ ወደቀና ታተመ። ከዚያ አንድ ቀን ፊላደልፊያ፣ ቼስትነት መንገድ ላይ፣ ክርናቸው ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጋግተው ተላለፉ። አዳምስ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ። ዲክንሰን ግን ጭንቅላቱንም፣ ኮፍያውንም፣ እጁንም ሳያንቀሳቅስ አለፈ። በአንድ አዝማች የተሳሰሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሐምሌ 1 ቀን 1776 የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ነፃነት ይታወጅ ወይስ አይታወጅ የሚለው ክርክር ተካሄደ። ዲክንሰን ተነስቶ ተቃወመ። አጋር አገር ሳናገኝ፣ እርስ በርሳችን የምንተዳደርበት ስምምነት ሳይኖረን ነፃነት ማወጅ በወረቀት ጀልባ ማዕበል መግጠም ነው አለ። ይህ ንግግር ያለኝን ዝና ጨርሶ ይቀብረዋል ብሎ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ግን ተናገረ። እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት አንድ ድምፅ ነበረው፤ የዚያን ቀን ዲክንሰን የሚወክላት ፔንሲልቫንያ በተወካዮቿ 4 ለ 3 ድምፅ ነፃነቱን ተቃወመች።

በማግስቱ ድምፅ ሲሰጥ ዲክንሰንና ሌላው የፔንሲልቫንያ ተወካይ ሮበርት ሞሪስ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ሆን ብለው ቀሩ። የፔንሲልቫንያ ድምፅ 3 ለ 2 ሆነና ወደ ድጋፍ ዞረ። 12 ቅኝ ግዛቶች ደገፉ፣ ኒውዮርክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ የተቃወመ አልነበረም። ዲክንሰን ሐሳቡን አልቀየረም። አዋጁንም አልፈረመም። ግን ሊበጥሰው በሚችለው ቦታ ላይ አልቆመም። ለእኔ «ብንተባበር» የሚለው ቃል ትርጉሙ ያ ባዶ ወንበር ነው።

ነፃነቱ ከታወጀ በኋላ ኩርፊያ ይዞ እርስቱ ላይ አልተቀመጠም። ግዛቶቹ የሚተሳሰሩበትን የመጀመሪያ ውል ረቂቅ አስቀድሞ የጻፈው እሱ ነው። በዚያው በሐምሌ ወር ደግሞ የሚሊሺያ ኮሎኔል ሆኖ ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ኒው ጀርሲ ዘመተ።