በሲሙሌሽን የሮቦት እግር ኳስ «የሜዳ ምልክት» ምንድን ነው?

በሮቦካፕ (ዓለም አቀፍ የሮቦት እግር ኳስ ውድድር) የሲሙሌሽን ዘርፍ ተጫዋቹ ፕሮግራም ነው። ጨዋታውን የሚያካሂደው ዋና ፕሮግራም፣ ሰርቨሩ፣ «እዚህ ቆመሃል» አይለውም፤ በዋናነት የሚታየውን ነገር ስም፣ ርቀትና ማዕዘን ይልክለታል። ከሚታዩት መካከል ቦታቸው ቋሚና ቀድሞ የታወቀው የሜዳ ምልክቶች ይባላሉ፤ ተጫዋቹ የራሱን ቦታ የሚያሰላው ከእነሱ ተነስቶ ነው።

የ2ዲ (ባለ ሁለት ልኬት) ሜዳ 105 በ68 ሜትር ሲሆን 55 ምልክቶች አሉት፦ 2 ጎሎች፣ በሜዳው መስመሮች ላይ 17 ባንዲራዎች፣ ከጠርዙ 5 ሜትር ወጣ ብለው ደግሞ 36 ባንዲራዎች። ስሙ ራሱ አድራሻ ነው። «ኤፍ ፒ አር ሲ» ማለት ባንዲራ፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል፣ ቀኝ፣ መሃል ማለት ነው፤ ቦታው ከሜዳው መሃል ሲለካ (36፣ 0)፣ ማለትም ኤክስ 36፣ ዋይ 0 ነው። ዋይ ወደ ታች እንደሚጨምር አይዘንጋ፤ ይህን የሳተ ተጫዋች ሜዳውን ገልብጦ ያያል። «ግራ» እና «ቀኝ» ደግሞ የሜዳው ስሞች እንጂ የቡድኑ አይደሉም። ስለዚህ ስሌቱን በሰርቨሩ አቀማመጥ ጨርሶ፣ የቀኝ ቡድን ከሆኑ መጨረሻ ላይ ኤክስና ዋይን በ-1 ማባዛትና አቅጣጫውን 180 ዲግሪ ማዞር ይሻላል።

በቁጥር እንየው። ፊቱ በ0 ዲግሪ (ወደ ቀኙ ጎል አቅጣጫ) የሆነ ተጫዋች ይህን ባንዲራ በ18.9 ሜትር፣ በ-32 ዲግሪ አየው። ኤክስ = 36 - 18.9 × ኮሳይን(-32) = 19.97፤ ዋይ = 0 - 18.9 × ሳይን(-32) = 10.02። ትክክለኛ ቦታው (20፣ 10) ነበር። የፊቱን አቅጣጫ የሚያገኘው ከሚታየው የጠርዝ መስመር ማዕዘን ነው። ሁለት የጠርዝ መስመሮች ከታዩት ግን ከሜዳ ወጥቷል ማለት ነው፤ ስሌቱም በዚያው ልክ ይቀየራል።

ስህተቱ ከርቀት ጋር ያድጋል። ሰርቨሩ በተለመደው ዘዴ የምልክትን ርቀት ሎጋሪዝም በ0.01፣ የኳስንና የተጫዋችን በ0.1 እርምጃ ያጠጋጋል፤ እርምጃው ከርቀቱ 1 እና 10 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። በ50 ሜትር ላይ ያለ ባንዲራ ርቀት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሳሳታል፤ የኳስ ግን እስከ 2.5 ሜትር ገደማ። ማዕዘን ወደ ሙሉ ዲግሪ ስለሚጠጋጋ እዚያው ርቀት ላይ ወደ ጎን እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ከብዙ ባንዲራዎች የተሰሉ ቦታዎችን አማካይ ስንወስድ ለቅርቡ የበለጠ ክብደት የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ዋናው ፈተና ስም የሌለው ምልክት ነው። ከእይታ ማዕዘን ውጭ ሆኖ በ3 ሜትር ውስጥ ያለ ነገር ዓይነቱ ብቻ ይነገራል፦ «ባንዲራ»፣ በቃ። ተጫዋቹ ሜዳ ውስጥ ከሆነ ግን የውጭዎቹ ባንዲራዎች ቢያንስ 5 ሜትር ስለሚርቁ እጩዎቹ 17ቱ ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ በአንድ ጊዜ 3 ሜትር ውስጥ አይገቡም። ተጫዋቹ ካለፈው የራሱ ቦታ ግምት ተነስቶ ባንዲራው የት እንዳለ አስልቶ፣ ከ17ቱ ለዚያ ቅርብ የሆነውን መምረጥ ይበቃዋል። ቅርብ የሚባል ካልተገኘ ይተው፤ የተሳሳተ ስም ጨርሶ ካለማየት የከፋ ነው፤ ተጫዋቹን ሜዳ አቋርጦ ይወስደዋል።

በተለመደው የ3ዲ (ባለ ሦስት ልኬት) ሲሙሌተር፣ በሲምስፓርክ፣ 8 ምልክቶች ብቻ ናቸው፦ 4 የማዕዘን ባንዲራዎችና 4 የጎል ቋሚዎች፣ በ30 በ20 ሜትር ሜዳ ላይ። መስመሮችም ይታያሉ፣ ግን ያለ ስም፣ በሁለት ጫፎቻቸው ብቻ። ሜዳው ተመሳሳይ ግማሾች ስላሉት በመስመር ብቻ የተሰላ ቦታ 180 ዲግሪ ዞሮም ልክ ይመስላል። ስለዚህ በቅድሚያ ስም ባለው ምልክት ጎኑን መለየት፣ ከዚያ የመስመሮቹን ጫፎች ወደ ሜዳው ኤክስና ዋይ ቀይሮ ከካርታው ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። ሮቦቱ ወድቆ ምንም ምልክት ካላየም አዲስ ቦታ ከመገመት የቀድሞውን ይዞ አንገቱን ያዙር።