የናሚሬምቤ ሁለት መቃብሮች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ናሚሬምቤ የሚባል ኮረብታ አለ። ስሙ በሉጋንዳ ቋንቋ «ሰላም» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በጫፉ ላይ በቀይ ጡብ የታነጸው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቆሟል፤ ይህም የናሚሬምቤ አንግሊካን ሀገረ ስብከት መንበር ነው። ከካቴድራሉ አጠገብ ባለው የመቃብር ስፍራ የሀገሩ የመጀመሪያ ጳጳስ ዐፅም አርፏል፤ እኚህ ጳጳስ ግን በሕይወት ሳሉ ኮረብታውን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። ከእርሳቸው አጠገብ ደግሞ በ1977 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ ሊቀ ጳጳስ መቃብር ተቆፍሮ ነበር፤ ሬሳው ግን አልመጣም። በእነዚህ በሁለቱ መቃብሮች መካከል ስላለው ዘመን ልጽፍላችሁ የወደድሁት ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት የተናገረውን «አሁንም ለእግዚአብሔርና… ለጸጋው ቃል አደራ ሰጥቻችኋለሁ» የሚለውን ቃል ይህች ሀገረ ስብከት በኑሮዋ ስለተረጎመችው ነው።

ወንጌል ካምፓላ ባለችበት ምድር ወደነበረው ወደ ቡጋንዳ መንግሥት፣ ወደ ንጉሡ ቤት፣ በአንግሊካን ሚሲዮናውያን እጅ የደረሰው ጁን 30 ቀን 1877 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1882፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ተጠመቁ። ከእነርሱ አንዱ ሰምበራ ነው። ሰምበራ ለሚሲዮናዊው ለአሌክሳንደር ማካይ ደብዳቤ ጻፈ፤ ብዕሩ ጫፉ የተሳለ የሣር አገዳ ነበር፣ ቀለሙም ራሱ የበጠበጠው። የጻፈውም በኢየሱስ ክርስቶስ ቃል ስላመነ እንዲያጠምቀው የሚለምን ጥቂት መስመር ነው። በዚያች ወረቀት ላይ የጳጳስ ማኅተም አልነበረም፤ በዚያ ምድር ገና ጳጳስ አልነበረምና። በሣር አገዳ የተጻፈው ልመና ከሁሉም ሹመት በፊት እንደመጣ ልብ በሉልኝ።

በ1884 የምሥራቅ ኢኳቶሪያል አፍሪካ ሀገረ ስብከት ተቋቋመና ጄምስ ሃኒንግተን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት የቡጋንዳው ካባካ (ንጉሥ) ሙቴሳ ሞተው ወጣቱ ልጃቸው ምዋንጋ ነገሠ። ምዋንጋ በባሕሩ ጠረፍ ጀርመኖች መሬት መያዛቸውን ሰምቶ ነበር፤ ቡጋንዳን የሚያጠፋው ጠላት ከምሥራቅ ይመጣል የሚል የቆየ ፍርሃትም ነበረ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1885 ዩሱፉ፣ ማኮና ኑዋ የተባሉ ሦስት ክርስቲያን ልጆች ተገደሉ። ጳጳሱ ይህን ሁሉ ሳያመዛዝኑ፣ ለጤናም ለመንገድም ይሻላል ብለው፣ በማሳይ ምድር አቋርጠው በዚያው በሚፈራው በምሥራቁ በር መጡ። መንገዱን መምረጣቸው ስሕተት ነበር ብል ሰማዕትነታቸውን ማቃለሌ አይደለም፤ ቅዱሳንም መንገድ ይሳሳታሉ።

ከቡጋንዳ በስተምሥራቅ ባለችው በቡሶጋ፣ በባላባቱ በሉባ ግዛት ተይዘው ስምንት ቀን ታሰሩ። ትኩሳት ይዟቸው በጨለማ ጎጆ ውስጥ ተኝተው፣ የትንሽ ማስታወሻ ደብተራቸውን ገጾች ይሞሉ ነበር። የመጨረሻው ጽሑፍ ኦክቶበር 29 ቀን 1885 የተጻፈ ነው። ምንም ወሬ እንዳልሰሙ፣ ነገር ግን መዝሙር 30 በታላቅ ኃይል መጥቶ ደግፎ እንዳቆማቸው ይናገራል፤ ቀጥሎም በሌሊት አንድ ጅብ የበሽተኛ ሽታ ሸቶት በአጠገባቸው እንደጮኸ፣ ገና ግን እንደማያገኛቸው ተስፋ እንደሚያደርጉ ጽፈዋል። በዚያው ቀን ተገደሉ፤ አብረዋቸው ከነበሩት ተሸካሚዎችም ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ታረዱ። የተሸካሚዎቹን ስም የሚያነሣ ሰው ብዙ አልሰማሁም፤ እነርሱም ግን በዚያው መንገድ ላይ በዚያው ጦር ነው የወደቁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ ቸኩለን የምናልፈው ነገር ነውና። መዝሙር 30 «ወደ ጕድጓድም እንዳልወርድ አዳንኸኝ» ይላል። ጠዋት ይህን ያነበበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ወደ ጕድጓድ ወረደ። መዝሙሩን «አትሞትም» የሚል የዋስትና ወረቀት አድርገን ከያዝነው በዚያ ቀን መዝሙሩ ሐሰተኛ ሆኗል ማለት ነው። ጳጳሱ ግን ከቃሉ ያገኙት ማምለጫ ሳይሆን ድጋፍ ነበር፤ በደብተራቸው ላይ የጻፉትም ደግፎ ያዘኝ የሚል እንጂ ያስፈታኛል የሚል አይደለም። ያው መዝሙር «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል» ይላል፤ ጥዋቱ የየትኛው ቀን ጥዋት እንደሆነ ግን አይናገርም። በስብከታችን ተስፋን ለነገ ማለዳ ብቻ ቀጠሮ የምንሰጥ እኛ ከዚያች ጎጆ የምንማረው ብዙ አለ።

ጳጳሱ አልደረሱም። በ1886 የተተኩት ጳጳስ ሄንሪ ፓርከርም ማርች 1888 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተደቡብ በምትገኘው በኡሳምቢሮ በበሽታ ሞቱ፤ እርሳቸውም ቡጋንዳን አላዩም። በዚህ መካከል ጁን 3 ቀን 1886 በናሙጎንጎ ብዙ ክርስቲያኖች በእሳት ተቃጠሉ፤ አንግሊካኑና ካቶሊኩ በአንድ ስፍራ። እረኛ ያልደረሰላት ቤተ ክርስቲያን ታዲያ ማን ጠበቃት? ማካይና ባልንጀሮቹ በ1885፣ ስደቱ ሲጠና፣ እኛ ብንባረር ወይም ብንገደል ማን ይቀራል ብለው ከሀገሬው ምእመናን ሽማግሌዎች የተመረጡበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አቋቁመው ነበር። ያ የሣር አገዳው ጸሐፊ ሰምበራ፣ ሄንሪ ራይት ዱታ፣ ኒኮዴሞ ሰብዋቶ በዚህ ጉባኤ ነበሩ። በ1888 በመንግሥት ግልበጣ ሚሲዮናውያኑ በእርግጥ ተባረሩ፤ ክርስቲያኖቹም ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። በስደት ሳሉ ግን ማንበብና መጸለይ፣ እርስ በርስም ማስተማር አላቋረጡም። አደራ የተሰጣቸው በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተሸካሚነቱን አይለማመዱትም ነበር፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ሦስተኛው ጳጳስ አልፍሬድ ታከር በዲሴምበር 1890 መጨረሻ ወደ ቡጋንዳ ንጉሥ ከተማ ወደ መንጎ ደረሱ፤ ከሀገሪቱ ጳጳሳት በእግሩ የደረሰ የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ያገኙት ግን ባዶ እርሻ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያሳደገውን ነው ያገኙት። ወዲያው ከሽማግሌዎቹ ስድስቱን ለወንጌል አገልግሎት ሾሙ፤ በ1893 የመጀመሪያዎቹን ዲያቆናት፣ በ1896 የመጀመሪያዎቹን ቀሳውስት ከሀገሬው ልጆች ቀቡ። በዚያው በ1896 ጆርጅ ፒልኪንግተን ከሄንሪ ራይት ዱታ ጋር የደከመበት የሉጋንዳ መጽሐፍ ቅዱስ ተፈጸመ። ካሳተሙት አንዱ ቅርጽ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንዲገባ ተለክቶ የተሠራ ወፍራምና አጭር መጽሐፍ ነበር፤ ምስጥ እንዳይበላው ነው። ቃሉን ማተም አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ በድሃ ጎጆ ውስጥ ከምስጥ እንዲድን ማሰብ ግን የእረኛ ልብ ነው።

የዚያን ዘመን ነውር ግን መሸፈን አይገባም። ጃንዋሪ 24 ቀን 1892 በመንጎ አንግሊካኖችና ካቶሊኮች እርስ በርስ ተዋጉ፤ የእንግሊዙ መኮንን ሉጋርድ መትረየስ ደግሞ ጦርነቱን ለአንግሊካኖቹ ወሰነላቸው። በናሙጎንጎ አብረው የተቃጠሉት ሰዎች ወንድሞች ስድስት ዓመት ሳይሞላ በመንበርና በመሬት ተገዳደሉ። የሀገረ ስብከቱን ዕድገት ስናወራ ከዕድገቱ አንዱ ክፍል በዚያ መትረየስ ጥላ ሥር እንደበቀለ ማወቅ አለብን። በዚያው ዓመት በመጨረሻው ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ የጳጳስ ሃኒንግተን ዐፅም ከቡሶጋ መጥቶ በናሚሬምቤ ተቀበረ። እንዲገደሉ ያዘዘው ምዋንጋም በቀብሩ ላይ ተገኝቶ ነበር። ኋላም የጳጳሱ ልጅ ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ቡሶጋ ሄዶ የባላባቱን የሉባን ልጅ አጥምቋል።

ታከርን ከብዙዎች የሚለያቸው ግን ሹመት መስጠታቸው ብቻ አይደለም። ከ1897 ገደማ ጀምሮ ነጮቹ ሚሲዮናውያንና የሀገሬው ቀሳውስት በአንድ ሲኖዶስ፣ በአንድ ሕግ ሥር እኩል እንዲቆሙ የሚያዝ መተዳደሪያ ደንብ አቀረቡ። የተቃወሟቸው ምዋንጋ ወይም ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የራሳቸው ሚሲዮናውያን ባልደረቦች ናቸው። በጥቁር ሰብሳቢ ፊት ድምፅ መስጠት ከበዳቸው። ክርክሩ ከ10 ዓመት በላይ ወስዶ ደንቡ በ1909 ሲጸድቅ የሚሲዮናውያኑ ጉዳይ ከሲኖዶሱ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ታከር የፈለጉትን ሙሉውን አላገኙም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ለሽማግሌዎች «ለመንጋው ምሳሌ ሁኑ እንጂ ማኅበሮቻችሁን በኃይል አትግዙ» ሲል የተናገረው የዚህ ዓይነቱን ፈተና ነው፤ ግልጽ ጭካኔን ሳይሆን «ገና አልደረሱም፣ ትንሽ ይቆዩ» የሚለውን ለስላሳ ንግግር። ይህ «ትንሽ» ምን ያህል እንደሆነ ቍጥሩ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ኡጋንዳዊ ጳጳስ አቤሪ ባልያ፣ ያውም ረዳት ጳጳስ ሆነው፣ የተቀቡት በ1947 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን መምጣት 70 ዓመት ማለት ነው።

መንፈስ ቅዱስ ግን የሲኖዶስ ደንብ እስኪጸድቅ አይጠብቅም። በ1929 በዚያው በናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ ሲሜዎኒ ንሲባምቢ የተባለ ሙጋንዳ (የቡጋንዳ ተወላጅ) ምእመንና ጆ ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው አብረው ሊጸልዩ ተቀመጡ። አንዱ ባለቤት ሌላው እንግዳ፣ አንዱ አስተማሪ ሌላው ተማሪ ሳይባባሉ ኃጢአታቸውን ተናዘዙ። «ባሎኮሌ»፣ ማለትም የዳኑት፣ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። መነቃቃቱ ለአለቆች ምቹ አልነበረም። በ1941 በሙኮኖ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሚጸልዩና የሚሰብኩ 26 ተማሪዎች አለቃው ከልክሏቸው አንታዘዝም በማለታቸው ተባረሩ። ጳጳሱ ሲረል ስቱዋርት በሁለት እሳት መካከል ቆሙ፤ የተባረሩትም ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሌላ ማኅበር መመሥረት ይችሉ ነበር። አልወጡም። መገፋትን ታግሶ በገፋው ቤት ውስጥ መቆየት ከስብከት ሁሉ የከበደ ስብከት ነው፤ ኋላ የኡጋንዳን ቤተ ክርስቲያን የመሩ ብዙ ጳጳሳት ከዚሁ መነቃቃት የወጡ ናቸው።

በ1960 ሰፊው ሀገረ ስብከት ሲከፋፈል የናሚሬምቤ ሀገረ ስብከት በራሱ ስም ቆመ። ከሌስሊ ብራውን ቀጥሎ ደንስታን ንሱቡጋ በ1965፣ ሚሳኤሪ ካውማ በ1985፣ ሳሙኤል ሴካዴ በ1994፣ ዊልበርፎርስ ኪትዮ ሉዋሊራ በ2009 መንበሩን ተቀበሉ፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሙሴ ባንጃ ይመሩታል። ከእነዚህ መካከል ስለ ጳጳስ ካውማ አንድ ነገር ልበል፤ ኤድስ ሰውን ሲያጭድ፣ ብዙ መድረክ በሽታውን በስሙ መጥራት ሲያፍር፣ እርሳቸው በግልጥ ተናግረዋል። መንበሩ ፀብም አስተናግዷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቡጋንዳ ሀገረ ስብከቶች ከጠቅላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሊለዩ ደርሰው ነበር፤ በ1972 ለሊቀ ጳጳሱ የካምፓላ ሀገረ ስብከት ለብቻው የተቋቋመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ስትዘጋጅ፣ ጳጳሳቱ ስለ ግድያና ስለ ሰው መሰወር ለሀገሪቱ ገዥ ለኢዲ አሚን ደብዳቤ ጻፉ። የመጀመሪያው ፈራሚ ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ነበሩ። በሰሜን ኡጋንዳ ከሚኖረው ከአቾሊ ሕዝብ ናቸው፤ ከቡጋንዳ አይወለዱም። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1977 ከጳጳሳቱ ተለይተው ሲወሰዱ በዚህ ነገር ውስጥ የእግዚአብሔርን እጅ አያለሁ ብለው ፈገግ አሉ። በማግስቱ መንግሥት በመኪና አደጋ ሞቱ አለ። ሬሳቸው ለካቴድራሉ አልተሰጠም፤ ወታደሮች ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ሙችዊኒ ወስደው እዚያ እንዲቀበሩ አደረጉ።

በናሚሬምቤ ግን ከጳጳስ ሃኒንግተን አጠገብ መቃብሩ ተቆፍሮ ቆይቶ ነበር፤ ደብሩን ለአቾሊው ሊቀ ጳጳስ የከፈቱት ባጋንዳዎቹ፣ የቡጋንዳ ሰዎች፣ ናቸው። እሑድ ፌብሩዋሪ 20 ቀን ሺዎች ወደ ኮረብታው ወጡ። ከቅዳሴው በኋላ ሕዝቡ ወጥቶ በባዶው ጕድጓድ ዙሪያ ቆመና መዘመር ጀመረ። ጡረታ የወጡት ሊቀ ጳጳስ ኤሪካ ሳቢቲ ወደ ጕድጓዱ አፍ ቀርበው መላእክቱ ለሴቶቹ የተናገሩትን ቃል አሰሙ፦ «ሕያውን ከሙታን መካከል ስለ ምን ትፈልጋላችሁ? ተነሥቶአል እንጂ በዚህ የለም።» በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን መቶኛው ዓመት ተከበረ።