ፍሬሽ፣ ቺልድ፣ ፍሮዝን፦ ውሻ ሲዳቀል ምን ማለት ናቸው?

ሦስቱም ያለ ግንኙነት ለሴቷ የሚሰጥ የወንድ ውሻ የዘር ፈሳሽ ዓይነቶች ናቸው። ብዙ ሰው ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ዋናው ነገር የዘር ፈሳሹ ሴቷ ውስጥ ከገባ በኋላ ስንት ጊዜ በሕይወት ይቆያል የሚለው ነው። ፍሬሽ ከወንዱ ተወስዶ ወዲያው የሚሰጥ ነው፣ 5 ቀን አካባቢ ሊቆይ ስለሚችል ቀኑን ትንሽ ብትስቱ እንኳን ይምራችኋል። ቺልድ ማቆያ ፈሳሽ ተጨምሮበት 4 ወይ 5 ዲግሪ ላይ ቀዝቅዞ የሚላክ ነው፣ ቶሎ መጠቀም ነው።

ፍሮዝን ግን ለብቻው ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ -196 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ወንዱ ቢሞት እንኳን ይሠራል፣ ችግሩ አንዴ ከቀለጠ ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ነው፣ ስለዚህ እንደ ፍሬሹ ብልቷ ውስጥ ማድረግ አይበቃም፣ ቬቱ (የእንስሳት ሐኪሙ) ማህፀን ድረስ ማስገባት አለበት፣ ወይ በካሜራ እያየ በማህፀን በር ያሳልፈዋል ወይ በኦፕሬሽን (በካሜራው እየተቻለ ለምን ሆዷ ይከፈታል? እኔ አልስማማም)።

ሰው የሚሳሳተው ደሞ ቀን ላይ ነው። የውሻ እንቁላል ከወጣ በኋላ ለመብሰል 2 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንም ከውሻ ውሻ ይለያያል፣ ስለዚህ «ደም ካየን 12ኛው ቀን» የሚሉት ስሌት ለፍሮዝን አይሆንም፣ ደም እያስመረመሩ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞኗን መከታተል ግድ ነው።