ስፒከር የሚያጉረመርመው ለምንድን ነው?

ሙዚቃው ገና ሳይከፈት ስፒከሩ «እምምም» ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። ችግሩ ያለው ዕቃዎቹ እርስ በርስ በተገናኙበት መንገድ ላይ ነው። አምፕሊፋየር ለመቀየር ከመቸኮል በፊት ኧርዙን ማየት ይሻላል።

ኧርዝ ወይም የመሬት መስመር የተዘረጋው ለድምፅ ጥራት ሳይሆን ለሰው ሕይወት ነው። ውስጥ የተላቀቀ ሽቦ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚህ መስመር ወጥቶ ፊውዙን ያቃጥላል ወይም ብሬከሩን ይጥላል። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ሲሉ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ድምፁ ጸጥ ሊል ይችላል። ግን በብልሽት ቀን ብረቱን የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። እባካችሁ አትቁረጡት።

ጉርምርምታው እንዴት ይፈጠራል? ኮምፒውተሩ በአንዱ ግድግዳ፣ አምፕሊፋየሩ በሌላው ግድግዳ ተሰክተዋል እንበል። ሁለቱም በየራሳቸው ገመድ ኧርዝ አላቸው። በመሃላቸው የድምፅ ገመድ ሲገባ፣ የገመዱ ውጫዊ የሽቦ መረብ በድጋሚ ያገናኛቸዋል። ቀለበት ተዘጋ ማለት ነው። የሁለቱ ሶኬቶች ኧርዝ ቮልቴጁ ፍጹም እኩል ስለማይሆን በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ያ የሽቦ መረብ ደግሞ የሙዚቃውም መመለሻ ነው። አምፕሊፋየሩ አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ያጎላል። ባለሙያዎች «ግራውንድ ሉፕ» የሚሉት ይህንን ነው።

ጆሮ ጥሩ መርማሪ ነው። ወፍራሙ ጉርምርምታ እንደየአገሩ መብራት 50 ወይም 60 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ወይም 60 ንዝረት)፣ ወይም የእነዚህ ብዜት ነው። ሹል ብሎ «ጥዝዝ» የሚለው ከመብራት ማደብዘዣ ወይም ከቻርጀር ሊመጣ ይችላል። «ሽሽሽ» የሚለው ግን በአብዛኛው ከአምፕሊፋየሩ ከራሱ ክፍሎች የሚወጣ ስለሆነ፣ ኧርዙን ብትነካኩም አይለወጥም።

የሸክላ ማጫወቻ ከሁሉም በላይ ስስ ነው። መርፌው የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ 100 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፤ ሲጫወት ደግሞ ተመልሶ ይጨመራል። ጉርምርምታውም አብሮ ያድጋል። ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የኧርዝ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር መታሰሩን አስቀድማችሁ እዩ።

ፍለጋው ትዕግሥት ይፈልጋል። አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ አንድ የድምፅ ገመድ ንቀሉ፣ መልሳችሁ አብርታችሁ አዳምጡ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከውጭ የአንቴና ገመድ የሚገባበት ቴሌቪዥን ነው፤ ገመዱ የራሱን ኧርዝ ይዞ ስለሚመጣ። ከዚያ መሣሪያዎቹን በሙሉ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ቀለበቱ ስለሚጠብብ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። እምቢ ካለ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ፣ ሁለቱን ወገን በሽቦ ሳያገናኝ ድምፁን የሚያሻግር መለያ ትራንስፎርመር አለ። ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ካለው ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ድምፁን የሚያስተላልፈው በብርሃን ስለሆነ ቀለበቱ እዚያ ላይ ይበጠሳል።