መንፈሳዊ መታደስ ምንድን ነው?

አንድ ተንታኝ ሰሞኑን «መታደስ ማለት ቁርጠኝነት ሲደመር ጸሎት ነው፤ እምነት ራስህን ለመለወጥ ያለህን ጉልበት ያበዛልሃል» ሲል ሰማሁ። ይህ አሳብ በተለያየ ቃል ሲነገር ደጋግሜ ስለ ሰማሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ (3፥5) እግዚአብሔር ያዳነን በመንፈስ ቅዱስ በመታደስ እንጂ እኛ በሠራነው የጽድቅ ሥራ እንዳልሆነ ይናገራል። አዳሹ መንፈስ ቅዱስ ነው። ተንታኙ ግን ሰውን አዳሽ፣ እግዚአብሔርን የአዳሹ ረዳት አደረገው።

ክርክሩ የቆየ ነው። ሰው በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መፈጸም ይችላል ብሎ ባስተማረው በፔላጊዮስ ትምህርት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ418 በሰሜን አፍሪካ ከተማ በካርቴጅ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ ጸጋ የሚሰጠን በነጻ ፈቃዳችን ልናደርገው የምንችለውን በቀላሉ እንድናደርገው ነው የሚለውን አሳብ አውግዘዋል። ማስረጃቸው ዮሐንስ 15፥5 ነበር፤ ጌታ «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» አለ እንጂ «ይከብዳችኋል» አላለም። እርግጥ የምሥራቅ አባቶች ጥያቄውን የፔላጊዮስ ዋና ተቃዋሚ በነበረው በአውግስጢኖስ መንገድ አላስቀመጡትም፤ የሰው ፈቃድ ከጸጋ ጋር አብሮ መሥራቱን አብልጠው ያጎላሉ። እነርሱም ቢሆኑ ግን ሕይወት የሚመነጨው ከሰው ነው አላሉም።

ከአንድ ዛፍ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ ቅርንጫፍን አስቡ። የራሱ ሥር የለውም። የቱንም ያህል ቢታገል ከራሱ ውስጥ ውኃ አያወጣም፤ የሚያለመልመው ከግንዱ የሚመጣው ነው። እምነት ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያ አይመግብም፤ ከሚመግበው ጋር ያገናኛል። ስለዚህ «እምነትህን አጠንክር፣ ያኔ ትለወጣለህ» የሚለው ምክር ቅርንጫፉ ማሰሪያውን እንዲመገብ መንገር ነው። እምነት ራሱ ሌላ የጥረት ዓይነት ሆኖ ይመለሳል፤ ደካማው ሰውም ድሮ ስለ ሥራው ይጨነቅ የነበረውን ያህል አሁን ስለ እምነቱ ብርታት ይጨነቃል። በማርቆስ 9 ላይ ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ልጁም ተፈወሰ። የፈወሰው የአባትየው የእምነት መጠን አልነበረም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። በእርሻ ሥራ የተጣበቀው ቅርንጫፍ የሚያፈራው የራሱን ዓይነት ፍሬ ነው፤ የግንዱን አይደለም። በክርስቶስ ያለ ሰው ግን የመንፈስን ፍሬ ያፈራል። ጳውሎስም በሮሜ 11፥24 የበረሃው ወይራ ወደ መልካሙ የገባው ከፍጥረቱ ውጭ መሆኑን ጠቅሷል። (ያ ምዕራፍ ስለ እስራኤልና ስለ አሕዛብ እንጂ በቀጥታ ስለ አንድ ሰው መታደስ አይናገርም፤ ሲጠቀስ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።)

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» ይባላል። አንቀመጥም። ፊልጵስዩስ 2፥12 መዳናችሁን ፈጽሙ ይላል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ብሎ ምክንያቱን ይሰጣል። ቆላስይስ 3ም እንዲሁ ነው። ቁጥር 10 አዲሱን ሰው ለብሳችኋል ይላል፤ ርኅራኄንና ትሕትናን ልበሱ የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በቁጥር 12 ነው። ጾም፣ ጸሎት፣ ንስሐ፣ ከክፉ ልማድ ጋር መታገል ሁሉም ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ከስጦታው በኋላ ነው። ተንታኙ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በዚያ ትምህርት የወደቀ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ከበፊቱ የከረረ ውሳኔ መወሰን ብቻ ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16 ግን የውጭው ሰውነታችን እየጠፋ ሳለ እንኳ የውስጡ ዕለት ዕለት ይታደሳል፤ ጳውሎስ ይህን የጻፈው ጉልበቱ እያለቀ መሆኑን አውቆ ነው።