ግራና ቀኝ በፔፕታይድ ውስጥ፦ ካይራሊቲን መቆጣጠር

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። አንዳንድ ፔፕታይዶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳይገጣጥማቸው ራሳቸው ተሰባስበው ክር፣ ቱቦ ወይም ጄል ይሠራሉ። ምን እንደሚሠሩ በብዙው የሚወስነው ካይራሊቲ፣ ማለትም የሞለኪውሎቹ ግራና ቀኝነት ነው።

ቃሉ የመጣው “እጅ” ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ሁለቱ እጆቻችን ይመሳሰላሉ፤ የግራ ጓንት ግን ለቀኝ እጅ አይሆንም። አሚኖ አሲዶችም እንደዚያው ናቸው። ፕሮቲን ከሚሠሩት 20 መደበኛ አሚኖ አሲዶች 19ኙ ኤል እና ዲ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሏቸው፤ ግላይሲን ብቻ የለውም። ሕያዋን ፕሮቲናቸውን የሚገነቡት በኤል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ዲንም ማስገባት ይቻላል። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው።

ቀላሉ ዘዴ ሁሉንም መገልበጥ ነው። ሁሉም ኤል የሆነ ፔፕታይድ የሚሠራው ክር ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ሁሉም በዲ ሲተካ ያው ክር ወደ ቀኝ ይዞራል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አንዱን ብቻ መቀየር የሚያመጣው ለውጥ ነው። ቫሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ ፌኒልአላኒን የሆነውን ባለሦስት ሰንሰለት እንውሰድ። ሦስቱም ኤል ሲሆኑ በሰውነታችን ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ጄል አይሆንም። ቫሊኑ ብቻ ዲ ሲሆን ግን ይረጋል። የተጨመረም የተቀነሰም አተም የለም። የዞረው የአንድ ቅርንጫፍ አቅጣጫ ነው፤ በዚህም ውሃ የሚሸሹት ክፍሎች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ።

ማፈራረቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስቱ ጋዲሪ ቡድን ኤልና ዲ እየተፈራረቁ የገቡበት፣ ስምንት አሚኖ አሲድ ያለው ቀለበት ሠራ። ቀለበቶቹ ጠፍጣፋ ስለሆኑ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቱቦ ሆኑ። አንድን ፔፕታይድ ከመስታወት ምስሉ ጋር መቀላቀል ደግሞ አንዳንዴ ከሁለቱም ለየብቻ የጠነከረ ጄል ይሰጣል። ኬሚስቶቹ ፖውሊንግና ኮሪ ኤልና ዲ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሊሰለፉ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ1953 ጽፈው ነበር። ፒኤች፣ ሙቀትና ማሟሚያ ፈሳሽም የክርን ጥምዝ ሊለውጡ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ጥቅም አለው። ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች የለመዱት ኤልን ስለሆነ ዲ ያለበት ጄል ቶሎ አይፈርስም። ሕዋስ ለማሳደግና መድኃኒት ቀስ እያለ ለመልቀቅ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ምርመራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰርኩላር ዳይክሮይዝም በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ ኤል የሆነ ቤታ-ሺት (ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚሠሩት ንጣፍ) ምልክቱ 218 ናኖሜትር አካባቢ ወደ ታች ሲወርድ የዲው እዚያው ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ታዲያ ይህን አይቶ ክሩ ወዴት እንደተጠመዘዘ መናገር ያሳስታል። አይሶሉሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ሦስት ጊዜ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ላይሲን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አንድ ጊዜ ባለው ፔፕታይድ፣ የብርሃኑን ምልክት የሚወስኑት አይሶሉሲኖቹ ናቸው። የክሩን ጥምዝ የሚወስነው ግን ላይሲኑ ነው። ስለዚህ ክሩን ራሱን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም ገጽታን በቀጭን መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚሠራ መሣሪያ፣ ማየት ያስፈልጋል።