የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥንካሬና ድክመት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር የሰሜን ሸዋ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት የሚመዝነው «ስንት አሳለፈ?» በሚል አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ሲቀር ለብዙ ስሕተት በር ይከፍታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ድሮ ብዙ ያሳልፍ የነበረ ትምህርት ቤት ዛሬ ጥቂት ካሳለፈ ወድቋል።

እውነታው፦ ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና አንሥቶ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምርና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን መለኪያው ራሱ ተለውጧል። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ከመቶ ተፈታኝ 6 ያሳለፈ ትምህርት ቤት በ2015 ዓ.ም. ከአገሪቱ አማካይ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ያንኑ 6 ቢደግም ግን ከአማካዩ በታች ይውላል። ከ2014 ዓ.ም. በፊት የነበረው ውጤት ምን ያህሉ የትምህርት፣ ምን ያህሉ የኩረጃ ፍሬ እንደ ነበረ ዛሬ መለየት ስለማይቻል፣ በእሱ መኩራራት ለግምገማ አይጠቅምም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ምንም አላስተማረም።

እውነታው፦ «አለፈ» እና «ወደቀ» የሚለው ቆጠራ 49 በመቶ ያመጣውንና 26 በመቶ ያመጣውን ተማሪ አንድ ያደርጋቸዋል። የአንድ ትምህርት ቤት ጥንካሬ የሚታየው በየትምህርት ዓይነቱ አማካይ ውጤት ነው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ በግምት ብቻ 25 በመቶ ገደማ ስለሚገኝ፣ የሒሳብ አማካዩ 27 የሆነ ትምህርት ቤት በሒሳብ ያስተማረው ነገር ለመኖሩ ውጤቱ ማስረጃ አይሆነውም፤ በባዮሎጂ 45 ካገኘ ግን እዚያ ሊጠበቅና ሊስፋፋ የሚገባው ጥሩ ሥራ አለ ማለት ነው። ሁሉም ትምህርት በአንድነት ዝቅ ካለ ደግሞ አስቀድሞ እንግሊዝኛውን መመርመር ይገባል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እሱ በመሆኑ፣ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ፊዚክሱን ቢያውቀውም መውደቁ አይቀርም። ከዚህ ጋር የክፍል ውጤት ከአገር አቀፉ ጋር ይነጻጸር፤ በካርዳቸው ላይ 85 የተጻፈላቸው ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተናው በብዛት 30 ካመጡ፣ የትምህርት ቤቱ የራሱ ምዘና ልል ነው፣ ይህም በእኔ ግምት ከዝቅተኛ ውጤቱ የባሰ ድክመት ነው፤ ወላጅን ለዓመታት ያዘናጋልና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በኢንስፔክሽን (በትምህርት ቤቶች የጥራት ምዘና) ደረጃ 3 ያገኘ ትምህርት ቤት በሁሉም ረገድ ጥሩ ነው።

እውነታው፦ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል፤ ደረጃ 3 የሚባለውም ድምሩ 70 በመቶ ሞልቶ 90 ሳይደርስ ሲቀር ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሊሸፍን ስለሚችል ሦስቱ ለየብቻ ይጠየቁ። ቁልፉ ከርዕሰ መምህሩ ኪስ የማይወጣ ቤተ ሙከራም በግብዓት ቆጠራ ቤተ ሙከራ ይባላልና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ውጤት የመምህራንና የተማሪዎች ትጋት ብቻ ነው።

እውነታው፦ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባቸው የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ተማሪዎች፣ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው እያመጡ የሚማሩ ልጆች፣ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ በእግሩ ከሚመላለስ የከተማ ልጅ ጋር እኩል የትምህርት ጊዜ አላገኙም። ለዚህም በ9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቶቹ 12ኛ ክፍል እንደ ደረሱ ሳይታይ የማለፊያው መቶኛ አይነበብም፤ ደካሞቹ በየዓመቱ እያቋረጡ ከሄዱበት የተረፉት ጥቂቶች ጥሩ ቢያመጡ የሚደንቅ አይሆንም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ መገምገም የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሥራ ብቻ ነው።

እውነታው፦ ትምህርት ቤቱ ራሱ ግለ ግምገማ ያካሂዳል፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም የሦስት ዓመት ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ ተዘርዝሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ መጠየቅ ይችላል።